ቁልፉ ገብቶ አልዞርም ሲል፣ ዳሽቦርዱም ጨለማ ሲሆን፦ ጥፋቱ የቁልፉ፣ የመሰኪያው ወይስ የመሪ መቆለፊያው?

ጥያቄ፦ የቃሊቲው ኤሌክትሪሺያን

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። የምጠይቀው እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 ስለተመረቱት የመርሴዲስ ሲ ክላስ መኪኖች፣ በተለምዶ ደብሊው 204 ስለምንላቸው ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ በሰፊው የሚታወቀው ምልክት፣ ቁልፉ መሰኪያው ውስጥ በደንብ ይገባል፤ ነገር ግን አይዞርም፤ ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አይበራም፤ መሪው እንደተቆለፈ ይቀራል። በሮቹ ግን በሪሞት ይከፈታሉ፣ የአደጋ ጊዜ መብራቱም ይሠራል።

የሚያሳስበኝ ባለመኪናው በየጋራዡ የሚሰጠው መልስ ነው። አንዱ ቁልፉ ሞቷል ይለዋል፤ ሌላው መሰኪያው፣ ማለትም ኢአይኤስ የምንለው ክፍል፣ ይቀየር ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሞተሩን ኮምፒውተር ይጠረጥራል። እነዚህ ዕቃዎች ከውጭ እስኪመጡ ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ከመጡም በኋላ ከመኪናው ጋር በኮድ ካልተጋቡ አይሠሩም፤ አንዴ ከተጋቡ ደግሞ ሻጩ መልሶ አይቀበላቸውም። ስለዚህ በግምት የታዘዘ ዕቃ የሰው ገንዘብ የሚበላ ኪሳራ ነው። ከኛ ጋር የሚሠሩ ወጣቶችም «አንድ በአንድ እየቀየሩ መሞከር» የሚለውን ልማድ ይዘው እንዲያድጉ አልፈልግም።

አንድም ዕቃ ሳይታዘዝ ቁልፉን ከመሰኪያው፣ መሰኪያውን ከመሪ መቆለፊያው፣ መቆለፊያውን ደግሞ ከኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም ያልታወቀ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሣ ከሚከለክለው ሥርዓት፣ ለይቶ ማወቅ የሚያስችል የምርመራ ቅደም ተከተል ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ። በእጃችን ያለው ለመርሴዲስ የሚሆን የኮምፒውተር መመርመሪያና መልቲሜትር ነው፤ ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክትን በሥዕል የሚያሳየው መሣሪያ፣ የለንም።

መልስ፦ ነባር ባለሙያ

ሰላም ወንድሜ። ልማዱን በተመለከተ ያሉት ትክክል ነው። ለምርመራው መነሻ የሚሆነው በመኪናው ውስጥ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር ማወቅ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ምልክቱን አይቶ ንግግሩ የት ላይ እንደተቋረጠ ይደርስበታል።

ቁልፉ ሲገባ መሰኪያው በውስጡ ባለው ጥቅልል ሽቦ አማካይነት ለቁልፉ ኃይል ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት የቁልፉ የራሱ ባትሪ ቢያልቅ እንኳ መኪናው ይነሣል። ከዚያም ሁለቱ በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ኮድ ይለዋወጣሉ። ኮዱ ተቀባይነት ካገኘ መሰኪያው በአንዲት የመልእክት ሽቦ ለመሪ መቆለፊያው እንዲከፍት ትእዛዝ ይልካል፤ በመቆለፊያው ውስጥ ያለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር መቀርቀሪያውን በጥርስ ስባ ታወጣዋለች፤ መቆለፊያውም መቀርቀሪያው መውጣቱን አረጋግጦ መልስ ይመልሳል። ይህ መልስ እስኪደርስ ድረስ መሰኪያው ቁልፉ እንዲዞር አይፈቅድም፤ ጀርመኖቹ ተርሚናል 15 የሚሉትን የኢግኒሽን መስመርም አይለቅም። መስመሩ ከተለቀቀ በኋላ ነው መሰኪያው በካን መስመር፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት የመረጃ ሽቦ፣ ለሞተሩ ኮምፒውተር የመነሻ ፈቃድ የሚሰጠው።

እንግዲህ ኢሞቢላይዘሩ ሞተሩን የሚከለክልበት ደረጃ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ዳሽቦርዱ በርቶ፣ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሣም ካለ፣ ወይም ተነሥቶ ወዲያው ከጠፋ፣ መሪ መቆለፊያው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነውና እሱን መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ዳሽቦርዱ ጨለማ ከሆነና ቁልፉ ካልዞረ ግን ንግግሩ የተቋረጠው ከዚያ በፊት ስለሆነ የሞተሩን ኮምፒውተር ለመጠርጠር ምንም ምክንያት የለም። እርስዎ የገለጹት ምልክት ይህ ሁለተኛው ነው።

ከሁሉ በፊት ባትሪው ይለካ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ሙሉ ባትሪ ዕረፍት ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 ቮልት በታች ባለ ባትሪ ላይ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ያሳስታል፤ ምክንያቱም የመቆለፊያዋ ሞተር በምትነሣበት ቅጽበት የምትስበው ኃይል ቮልቱን የበለጠ ያወርደዋል። መልቲሜትሩን ባትሪው ላይ እንዳደረጋችሁ ረዳታችሁ ቁልፉን ያስገባ፤ በዚያች ቅጽበት ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚወርድ ተመልከቱ። ደካማ ከሆነ በጤነኛ ባትሪ ደግፋችሁ እንደገና ሞክሩ።

ቀጥሎ ቁልፉ ነው። በሮቹ በሪሞት መከፈታቸው ቁልፉ ለመነሻ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ለበሮቹ የሚያገለግለው ሬዲዮ ሲሆን መሰኪያው የሚያነበው ኢንፍራሬዱን ነውና። የስልክዎን የፊት ካሜራ ከፍተው የቁልፉን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙረው የቁልፉን አዝራር ይጫኑ፤ ጫፉ ላይ ወደ ሐምራዊ ያደላ ብልጭታ ከታየ ኢንፍራሬዱ ሕያው ነው። ስልኩ ኢንፍራሬድን የሚያጣራ ከሆነ ብልጭታው ላይታይ ስለሚችል አስቀድመው በቴሌቪዥን ሪሞት ይፈትኑት። ሁለተኛ ቁልፍ ካለ ደግሞ የበለጠ ማረጋገጫ ነው፤ በሁለቱም ቁልፍ ምልክቱ አንድ ከሆነ ጥርጣሬው ከቁልፉ ላይ ይነሣል ማለት ይቻላል።

ከዚያ በጆሮ ማዳመጥ ነው። ጋራዡን ጸጥ አሰኝተው፣ ጆሮዎን ወደ መሪው ዘንግ አስጠግተው ቁልፉን ያስገቡ። ጤነኛ መቆለፊያ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ አጭር የሞተር ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ፈጽሞ ከሌለ ወይ ትእዛዙ አልመጣም፣ ወይ መጥቶ ሞተሯ አልተንቀሳቀሰችም።

እነዚህን ሁለቱን የሚለየው የኮምፒውተር መመርመሪያው ነው። ለሁሉም መኪና የሚሆነው ርካሹ መመርመሪያ ተርሚናል 15 ሳይበራ የሞተሩን ኮምፒውተር ማግኘት ስለማይችል «ግንኙነት የለም» ይላል፤ ብዙ ሰው የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ነው። በዚህ ሞዴል መሰኪያው ራሱ የምርመራው መስመር በር ስለሆነና ኃይሉንም በቀጥታ ከባትሪው ስለሚያገኝ፣ ለመርሴዲስ የተሠራ መመርመሪያ ኢግኒሽኑ ጠፍቶም ሊያናግረው ይችላል። ወደ መሰኪያው ገብታችሁ የስሕተት ኮዱን ብቻ ሳይሆን የወቅቱን ንባብ አንብቡ። ቁልፉ መግባቱን ያያል? ቁልፉን አውቆ ፈቅዷል? ከመሪ መቆለፊያው ጋር ይነጋገራል? ቁልፉን ካወቀና ከፈቀደ፣ ነገር ግን መቆለፊያው መልስ አልሰጠም ካለ፣ ቁልፉም መሰኪያው ከቁልፍ ጋር የሚነጋገርበት ክፍልም ነጻ ናቸው፤ ወደ መቆለፊያው ሶኬት ውረዱ። ሁለቱንም ቁልፎች ካላወቀ ግን መሰኪያው ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። መመርመሪያው መሰኪያውን ጭራሽ ካላገኘው ደግሞ የመሰኪያው ፊውዝ፣ የኃይልና የኔጋቲቭ መስመሩ ሳይለካ ወደየትም አትሂዱ።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሞተሯ ድምፅ መሰማቱ መቆለፊያው ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሞተሯ ዞራ መቀርቀሪያው መጨረሻው ድረስ ካልወጣ መቆለፊያው «ተከፍቷል» የሚል መልስ አይሰጥም፤ መሰኪያውም እንደ ዝምታ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ድምፅ አለመኖሩ ብዙ ይነግራል፤ ድምፅ መኖሩ ግን ትንሽ ብቻ ነው።

በዚህ ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው የትንሿ ሞተር ካርቦን፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍሏ ኃይል የሚያደርሰው ተንሸራታች ብሩሽ፣ ነው። መቆለፊያው ተከፍቶ ሲታይ ሞተሯ ጣት የማታህል ናት፤ ከጎኗ ያሉት ጥርሶች ብዙ ጊዜ ምንም አይሆኑም፤ የሞተሯ ክዳን ሲነሣ ግን ካርቦኖቹ ተበልተው፣ ካርቦኑ የሚንሸራተትበት የመዳብ ቀለበት፣ ኮሚዩቴተሩ፣ ተቦርቡሮ፣ በመዳብ ክፍሎቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች በጥቁር ብናኝ ተሞልተው ይገኛሉ። ቁልፉ በገባና በወጣ ቁጥር ሞተሯ ትሠራለችና ዕድሜዋ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ቁልፍ በገባበት ቁጥር ነው። ለአጭር ርቀት ቀኑን ሙሉ የሚነሣና የሚጠፋ መኪና ቶሎ የሚደርስበትም ለዚህ ነው።

አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ረዳት ቁልፉን ሲያስገባ፣ የመቆለፊያውን አካል በካቻቢቴ እጀታ በመጠኑ መታ መታ ማድረግ ነው። ካርቦኑ ከኮሚዩቴተሩ ጋር ለቅጽበት ከተገናኘ ሞተሯ ትነሣለች፣ መሪውም ይከፈታል። ይህ ጥገና አይደለም፤ የምርመራው አካል ነው፤ በመምታት መንቃቱ ጥፋቱ የሞተሯ መሆኑን በግልጽ ይነግራልና። እባካችሁ ለወጣቶቹ አጥብቃችሁ ንገሯቸው፦ መኪናው በዚህ መንገድ ከነቃ ቁልፉ ከመሰኪያው መውጣት የለበትም። ቁልፉ እንደገባ መቆለፊያው በተከፈተበት ሁኔታ ላይ ይፈታ። ምክንያቱም መቆለፊያው ክፍት ሆኖ ከተገኘ ከመሪው ዘንግ ላይ በሰላም ይወጣል፤ ተቆልፎ ከቀረ ግን ዘንጉን አውርዶ መቁረጥና መብሳት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሥራው ዋጋ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በመቆለፊያው ውስጥ የሚመዘገበው ስሕተት ነው። ሞተሯ ደጋግማ ስትከሽፍ መቆለፊያው ስሕተቱን በማስታወሻው ይዞ ራሱን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ሞተር ቢገባበትም አይነቃም፤ መዝገቡ በፕሮግራም መሣሪያ መጽዳት አለበት። ባለመኪናዎች ቁልፉን እያስገቡና እያወጡ ደጋግመው እንዳይሞክሩ የምንመክረው ለዚህ ነው።

ከሌላ መኪና የተፈታ መቆለፊያ ገዝቶ መሰካትም አይሠራም። እያንዳንዱ መቆለፊያ ከራሱ መሰኪያ ጋር በኮድ የተጋባ ስለሆነ፣ ያገለገለው ዕቃ መጀመሪያ ባዶ ተደርጎ የመኪናው መረጃ ሊጻፍበት ይገባል። ሶማሌ ተራም ይሁን እዚህ ከተበተኑ መኪኖች መካከል የሚገኘው ዕቃ ለሞተሯና ለጥርሶቹ ሊጠቅም ይችላል፤ እንዳለ ለመሰካት ግን አይሆንም።

ስለ ኢሙሌተር ሳይጠየቅ አይቀርምና አስቀድሜ ልናገር። ኢሙሌተር የሚባለው የመቆለፊያውን መልስ እያስመሰለ ለመሰኪያው «ተከፍቷል» የሚል ትንሽ ሰርኪዩት ነው። መኪናው ይነሣል፤ መሪው ግን ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አይቆለፍም። ሁለት ነገር ያሳስበኛል። የመጀመሪያው ሕግ ነው። መሪ መቆለፊያው መኪናው ለመንገድ ሲፈቀድ ከያዛቸው የስርቆት መከላከያዎች አንዱ ነው፤ እዚህ ጀርመን በትራፊክ ፈቃድ ደንቡ አንቀጽ 38ሀ የተደነገገ ጉዳይ ነው፤ ባለመኪናው ይህን ሳይነገረው መደረግ የለበትም። ሁለተኛውና ከባዱ ሕይወት ነው። መቀርቀሪያው በትክክል ሳይወጣ ኢሙሌተር ከተገጠመ፣ ሰርኪዩቱ ተከፍቷል እያለ መሪው የተቆለፈ ወይም መንገድ ላይ ሊቆለፍ የሚችል መኪና ይነሣል። ኢሙሌተር የገጠመ ሰው አሮጌው መቆለፊያ ከዘንጉ ላይ መነሣቱን ወይም መቀርቀሪያው ተስቦ በቋሚነት መያዙን በዓይኑ ሳያይ፣ መሪውንም ከዳር እስከ ዳር ሳያዞር መኪናውን ማስረከብ የለበትም። እኔ የምመርጠው መቆለፊያውን በአዲስ ሞተር አድሶ መመለስ ነው።

ዘንጉ አጠገብ ከመሥራታችሁ በፊት ባትሪውን ፈትታችሁ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ እንዳይረሳ፤ ኤርባጉ እዚያው ነው።

መልስ፦ የቶዮታ ባለሙያ

ጥያቄው ስለ መርሴዲስ ቢሆንም በአገራችን ብዛት ያለው ቶዮታ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉ የት ላይ እንደሚለያይ ብገልጽ ለሌላው አንባቢ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በቁልፍ በሚዞሩት እንደ ቪትዝና ያሪስ ባሉት መኪኖች ላይ የመሪው መቆለፊያ ሜካኒካል ነው፤ ከኢሞቢላይዘሩ ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ እዚያ ቁልፉ አልዞር ካለ ነገሩ የብረት ጉዳይ ነው። ኢሞቢላይዘሩ የሚያነበው በቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ሲሆን፣ የሚያነብበት ጥቅልል ሽቦ በቁልፍ መክተቻው አፍ ዙሪያ ነው። ቁልፍ ቆራጭ ጥርሱን ብቻ ቀርጾ ቺፕ ሳያስገባ የሰጠው ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ ዳሽቦርዱንም ያበራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም ወይም ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። መኪናው ቆሞ ሲቆለፍ የደኅንነት መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለቱ ጤና ነው፤ ቁልፉ ገብቶ ሲበራ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቁልፉ አልታወቀም። ሁለት ባለቺፕ ቁልፎችን በአንድ ማንጠልጠያ ማድረግም ንባቡን ሊያውክ ስለሚችል አንዱን አርቃችሁ ሞክሩ።

በአዝራር በሚነሡት ላይ ግን መሪ መቆለፊያው ኤሌክትሮኒክ ሊሆን ይችላል፤ የአዝራሩ መብራትም ራሱ ይናገራል። አረንጓዴው ብልጭ ብልጭ ካለ መሪው አልተከፈተም ማለት ነው፤ ብርቱካናማው ብልጭ ብልጭ ካለ ደግሞ ሥርዓቱ ውስጥ ብልሽት አለ። እነዚህን ሁለቱን አለመለየት ብዙ ሰው ያስቸግራል። አዲስ አበባ ቁልቁለትና ዳገት የበዛባት ከተማ ናትና ብዙ አሽከርካሪ ጎማውን ጠምዝዞ ወደ ጠርዝ ድንጋዩ አስደግፎ ያቆማል፤ ጎማው መሪውን ወደ አንድ ወገን እየገፋ መቀርቀሪያውን በጎኑ ይጫነዋል፤ ትንሿ ሞተር ደግሞ ያን ጭነት አሸንፋ መሳብ አትችልም። መሪውን በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በመጠኑ እየገፉ አዝራሩን መጫን ነው። በዚህ ከተከፈተ አንድም ዕቃ አልተበላሸም።

የስሕተት ኮድ ሲነበብ ቢ2781 የመሪ መቆለፊያውን ክፍል ሲያመለክት፣ ቢ2795 ያልተጋባ ቁልፍን፣ ቢ2799 ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተርና የኢሞቢላይዘሩ ግንኙነት መበላሸቱን ያመለክታል። ቢ2799 ሲገኝ በቅርቡ የሞተር ኮምፒውተር ተቀይሮ እንደሆነ ባለመኪናውን ጠይቁት። በብዙዎቹ ስማርት ቁልፍ ባላቸው ሞዴሎች የተቀየረውን ኮምፒውተር ከኢሞቢላይዘሩ ጋር ለማስተዋወቅ፣ መመርመሪያው በሚሰካበት የኦቢዲ ሶኬት ላይ 4ኛውንና 13ኛውን እግር አገናኝቶ፣ ኢግኒሽን አብርቶ ለ30 ደቂቃ መተው በቶዮታ የጥገና መመሪያ ያለ አሠራር ነው። ቁጥሩን ሳያረጋግጡ ሽቦ ማስገባት ግን ተጨማሪ ብልሽት ያመጣል፤ 16ኛው እግር ቀጥታ የባትሪ ኃይል ነው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ቁልፉ ከነቃ በኋላ እንዳይወጣ የሚለውንና ኢሙሌተርን የሚመለከተውን ማስጠንቀቂያ ለልጆቹ ጽፌ ጋራዡ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ወደ መቆለፊያው ሶኬት ስንወርድ ያለ ኦሲሎስኮፕ በመልቲሜትር ብቻ ምን ያህል ማወቅ እንችላለን? መሪው እንደተቆለፈ መንገድ ላይ የቀረን መኪና ወደ ጋራዥ ስናመጣስ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ነባር ባለሙያ

በመልቲሜትርም ብዙ ይገኛል። ሶኬቱ እንደተሰካ በጀርባው በኩል በቀጭን መርፌ ለኩ፤ ነቅላችሁ ብቻ የለካችሁት ቮልት ጭነት የሌለበት ስለሆነ የዛገ ሶኬትንም ጤነኛ ያስመስለዋል። ኃይሉና ኔጋቲቩ መኖራቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቁልፉ ሲገባ ቮልቱ ጸንቶ መቆየቱን ተመልከቱ። ኔጋቲቩን ለብቻው ለመፈተን አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሶኬቱ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ፤ ሞተሯ ልትነሣ ስትሞክር ከጥቂት ሚሊቮልት አልፎ ወደ ግማሽ ቮልት ከተጠጋ መስመሩ ውስጥ መጥፎ መገናኛ አለ።

የመልእክት ሽቦዋን በተመለከተ፣ እንዲህ ያሉ አንድ ሽቦ መስመሮች በአብዛኛው ሥራ ሲፈቱ ወደ ባትሪው ቮልት የተጠጋ ያሳያሉ፤ መልእክት ሲያልፍባቸው መልቲሜትሩ አማካዩን ስለሚያነብ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይዋልላል። ቁልፉ በገባባት ቅጽበት ቁጥሩ ከተዋለለ ትእዛዙ ወደ መቆለፊያው እየሄደ ነው፤ ኃይልና ኔጋቲቭ ኖረው ትእዛዝም እየመጣ ሞተሯ ጸጥ ካለች ፍርዱ በመቆለፊያው ላይ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከቆመ የመቆለፊያውን ሶኬት ነቅላችሁ እንደገና ለኩ። ሲነቀል ወደ ላይ ከተመለሰ መስመሩን ወደ ታች የያዘው መቆለፊያው ነው፤ ካልተመለሰ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል ወይም ችግሩ ከመሰኪያው ወገን ነው። ፈጣን ንግግር በመልቲሜትር ሳይታይ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ያልተዋለለ ቁጥርን ብቻ ይዛችሁ መሰኪያ አትዘዙ፤ ከመመርመሪያው ንባብ ጋር አስተያዩት።

ስለ መጎተት፣ መሪው የተቆለፈ መኪና የፊት ጎማው መሬት ነክቶ በገመድ አይጎተትም፤ መጀመሪያ መታጠፊያ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣልና። ከዚህም ሌላ ኢግኒሽኑ ካልበራ የአውቶማቲክ ማርሹ ከፒ (ከማቆሚያው) ላይ አይወጣም፤ ሞተሩ ስለማይሠራም የፍሬኑ ረዳት ኃይል የለም። መኪናው በሙሉ በጭነት መኪና ላይ መውጣት አለበት። ጎማዎቹ የታጠፉ ከሆነ ከሥራቸው ባለ ትናንሽ ጎማ መጫኛ ይግባ እንጂ፣ መሪውን በጉልበት ጠምዝዞ መቀርቀሪያውን ለመስበር መሞከር ዘንጉን ጭምር ያበላሸዋል። ጎትቶ ከማምጣት በፊት ግን ባትሪውንና መታ መታ ማድረጉን እዚያው መኪናው የቆመበት ቦታ ሞክሩ፤ ከነቃላችሁ ቁልፉን ሳታወጡ በራሱ ኃይል ይመጣል፤ ጋራዥ ደርሶም ሞተሩ ሲጠፋ ቁልፉ እንደገባ ይቆይ።